የልባችንን ምት መቁጠር ተማርን

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በልብ ሕሙማን አባላት ስም የቀረበ ንግግር)



ከፊታችሁ የቆምነው ሰባት ነን። የምታነበው አንዷ ብትሆንም ቃሉ የሰባታችንም ነው። ሦስት እሑድ ቡና እያፈላን አብረን አዘጋጀነው። ማን ምን እንደ ደረሰባት በስም አንለይም። ከመካከላችን የባሏ ቤተሰቦች ሕመሟን የማያውቁባት አለች። አሠሪዋ ቢሰማ ከሥራ እወጣለሁ ብላ የምትሰጋም አለች። ስለዚህ ሁሉንም ነገር «እኛ» ብለን እንናገራለን። ሕመማችን የልብ ምት መዛባት ነው።

ሐኪም ስሙን ሳይነግረን በፊት እኛው ብዙ ስም አውጥተንለት ነበር። አንዳችን «ደረቴ ውስጥ ወፍ ትርገበገባለች» ትል ነበር። ሌላዋ «ልቤ ይደልቅና ትንሽ ዝም ይላል፤ ከዚያ ዱብ ይላል» ትላለች። ሦስተኛዋ ምንም ድልቂያ አልተሰማትም። እሷን ያስቸገራት እንጀራ ጋግራ ስትነሣ ትንፋሽ ማጠሩና ሌሊት በሁለት ትራስ ካልተደገፈች መተኛት አለመቻሏ ነበር። ጨጓራ ነው ተባልንና ተልባ ጠጣን። ነርቭ ነው ተባልንና ተኙ ተባልን። ደም ማነስ ነው፣ ዓይን ነው፣ ሐሳብ ስለምታበዢ ነው ተባልን። ቡና ተውን፤ መልሰን ጀመርን። ሐኪም ፊት ስንቀርብ ደግሞ ልባችን ጸጥ ይላል። ጋራዥ ሲደርስ ድምፁን እንደሚያጠፋ አሮጌ ሚኒባስ ነበርን።

በመጨረሻ ሕመማችንን የለየልን ኢሲጂ የሚባለው ምርመራ ነው። ደረትና እጅ እግር ላይ ሽቦ ይለጠፋል፤ አያምም፤ የልብ ምት በወረቀት ላይ ተስሎ ይወጣል። ከዚያ ኢኮ በሚባለው መሣሪያ የልባችንን በሮች፣ ማለትም ቫልቮቹን፣ አሳዩን።

ጤነኛ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል፤ አመታቱም እኩል ነው። በልብ የላይኛው ቀኝ ክፍል ውስጥ ምቱን የምታስጀምር ትንሽ ቦታ አለች። ከእሷ የሚነሣው የኤሌክትሪክ መልእክት መጀመሪያ የላይኞቹን ሁለት ክፍሎች፣ ቀጥሎ የታችኞቹን ያንቀሳቅሳል። በአብዛኞቻችን ልብ ውስጥ ግን የላይኞቹ ክፍሎች መምታቱን ትተው ይንቀጠቀጣሉ። አንዲት ነርስ ስታስረዳን፣ «ከበሮ የሚመታው አንድ ሰው ሲሆን ዜማው ይያዛል፤ ሁሉም በየፊናው ሲመታ ግን ጫጫታ ነው» አለችን። ይህ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይባላል። የእኛ ልብ ሐኪም ቤት በደረስንበት ቀን በደቂቃ 130፣ ያንዳችንም 150 ይመታ ነበር።

ከድልቂያው ይልቅ የሚያስፈራው ሌላ ነገር ነው። የላይኛው ክፍል ሲንቀጠቀጥ ደሙ በቅጡ አይወጣም። የቆመ ደም ደግሞ ይረጋል። ከረጋው ደም ትንሽ ቁራጭ ወደ አንጎል ከሄደች ስትሮክ ታመጣለች። ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለስበታለን።

የሰባታችንም ምክንያት አንድ አይደለም። አንዳችን አንገቷ ላይ እንቅርት ነበራት። ለዓመታት መልኳን እንጂ ጤናዋን የሚነካ አልመሰላትም። ነገር ግን እንቅርቱ ከመጠን በላይ ሆርሞን ያመነጭ ስለነበር ከስታ፣ ሙቀት እየጠላች፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ ልቧም እየተዛባ ነው የተገኘችው። ለእንቅርቱ ሕክምና ስትጀምር ልቧም ረጋ አለ። ሌላዋ እናታችን ልቧ የሚዘገይ ነው፤ በደቂቃ 30 ገደማ ይመታ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ቆማ ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ የሚጥል በሽታ ነው ተብሎ ክብሪት ተጫረላት። አሁን ከቆዳዋ ሥር ፔስሜከር ተተክሎላታል። ምቱ ሲዘገይ መሣሪያው ያስነሣዋል። ባትሪው ለዓመታት ያገለግልና ስለሚለወጥ ክትትሏን አታቋርጥም። ስልኳን እንደ ድሮው ጡት መያዣዋ ውስጥ መክተቱንም ትታለች፤ ስልክ ከመሣሪያው ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ ተብላለች።

የቀረነው አምስታችን ግን መነሻችን አንድ ነው፦ በልጅነታችን በቅጡ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴርያ ጉሮሮን ያቆስላል። በአንዳንድ ልጆች ላይ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ይመጣል፤ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት እየተቀያየረ ያብጣል፤ ቁርጥማት ነው ይባላል። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ነው። ሰውነት ባክቴርያውን ለመዋጋት ያዘጋጀው ኃይል የራሱን የልብ በሮች ያጠቃል። መገጣጠሚያው ይድናል፤ በሩ ግን ጠባሳ ይይዛል፤ በሕመሙ ተመልሶ መምጣት ጠባሳው እየጠነከረ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ በሩ ይጠብባል ወይም አልገጥም ይላል። ከበስተጀርባው ያለው ክፍል በጫና ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ምቱ ይዛባል። ከአምስታችን ሦስታችን ጉሮሯችንን ሲያመን የተደረገልን እንጥላችንን ማስቆረጥ ነበር። ወላጆቻችንን አንወቅስም፤ እነሱም የተደረገላቸው ይኸው ነው። ግን እንጥል መቁረጥ ባክቴርያውን አይገድለውም። የሚገድለው ፔኒሲሊን ነው። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ከተሰጠ የሩማቲክ ትኩሳትን ይከላከላል።

አሁን እንዴት እንደምንኖር እንንገራችሁ።

አምስታችን በየአራት ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ እንወጋለን። መርፌው የተጎዳውን በር አይጠግንም፤ ዳግመኛ እንዳይጎዳ ይጠብቀዋል። ወጥተን ቆመን የምንመለስበት ቀን አለ፤ ያምማል። ምቱን የሚያዘገይ ኪኒን በየቀኑ እንውጣለን። አንዳችን የጠበበው በሯ በፊኛ ተከፍቶላታል፤ አንዳችን የብረት ቫልቭ ተገጥሞላታል፤ ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል ጥቅ ጥቅ ሲል ባሏ ይሰማዋል። ደሙ እንዳይረጋ ደግሞ አምስታችንም ማታ ማታ ዋርፋሪን እንወስዳለን።

ዋርፋሪን ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። ሲያንስ ደም ይረጋል፤ ሲበዛ ሰው ይደማል። መጠኑ ልክ መሆኑ የሚታወቀው አይ.ኤን.አር በሚባል የደም ምርመራ ነው። ለአብዛኞቻችን ውጤቱ በ2 እና በ3 መካከል መሆን አለበት፤ የብረት ቫልቭ ላላት ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። ውጤታችን ከተረጋጋ በየወሩ፣ ካልተረጋጋ በየሳምንቱ እንመረመራለን። አንዳችን ቃሊቲ፣ ሁለታችን አስኮ ነው የምንኖረው። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥተን፣ ሁለት ታክሲ ቀይረን፣ ተሰልፈን፣ ደም ሰጥተን፣ ውጤት ጠብቀን ስንመለስ ቀኑ አልቋል። በጉልት አትክልት ለምትሸጥ እህታችን ያ ቀን የሽያጭ ቀን ነበር።

ምግባችንም ጉዳዩ ውስጥ አለበት። ጎመን ቫይታሚን ኬ አለበት፤ ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ይቀንሳል። መጀመሪያ «ጎመን አትብሉ» የተባልን መስሎን ፈጽመን ተውን። ከዚያ የሁዳዴ 55 ቀን መጣ። በጾም ያለ ጎመን ምን ይበላል? ጀመርነውና ውጤታችን ወረደ። ኋላ በደንብ ስንጠይቅ የተነገረን ሌላ ነው፤ ጎመን ክልክል አይደለም። መጠኑ ከሳምንት ሳምንት አይለዋወጥ፤ ጾም ሲገባና ሲፈታ ደግሞ ለሐኪም እንንገርና ምርመራው ይቅረብ። ረመዳንን የምትጾም እህታችንም መድኃኒቷ የማታ ስለሆነ ከማፍጠሪያ በኋላ ትወስደዋለች።

መድኃኒትም ከመድኃኒት ይጣላል። ለአሜባ የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል የዋርፋሪንን ኃይል ከፍ ያደርገዋል። ለወገብና ለራስ ምታት የምንገዛቸው ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን የመድማት አደጋን ያበዛሉ። ምን እንደ ተቀላቀለበት የማናውቀው የባህል መድኃኒትም እንዲሁ። ስለዚህ ፋርማሲ ስንገባ የመጀመሪያው ቃላችን «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» ነው። ጥርስ ከመነቀላችን በፊትም እንዲሁ እንላለን።

ጠበልን በሚመለከት በመካከላችን ብዙ ተነጋግረናል። ጠበል እንሄዳለን፤ ማንም እንዲከለክለን አንፈልግም። ነገር ግን ኪኒናችንን ይዘን ነው የምንሄደው። «መድኃኒት የያዘች እምነት የላትም» የሚል ሰው ሲገጥመን፣ ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የሰጠን እግዚአብሔር ነው ብለን እንመልሳለን።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ይህን እንድንናገር የፈቀደችው ባለጉዳይዋ ናት። እዚሁ አዳራሽ ውስጥ አለች፤ ከሰባታችንም አንዷ ናት።

ይህች እህታችን ሁለት ዓመት ሙሉ መድኃኒቷን ሳታጎድል ወሰደች። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ በስልክ አንብቦ፣ «እትዬ፣ ይህ እኮ የአይጥ መርዝ ነው» አላት። ነገሩ ውሸት አይደለም። ዋርፋሪን እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ለአይጥ ማጥፊያ ነው የወጣው፤ በ1950ዎቹ ነው ለሰው ሕክምና የዋለው። ለአይጥ የሚሰጠውና እኛ ተለክቶ የምንወስደው መጠን ግን አይገናኝም፤ የምንመረመረውም ለዚሁ ነው። ይህን የሚያስረዳት አልነበረም። በዚያው ሰሞን ዕቁብ መክፈያ ደረሰ፤ የምርመራውን ብር ለዕቁብ ሰጠች። ሦስት ወር ሳትመረመር ቀረች። ሳይመረመሩ መውሰድ አደገኛ ነው ሲባል ሰምታ ስለነበር መድኃኒቱንም ተወችው።

ዕቁብ በምንጣልበት ቀን ቡና እየጠጣን ነገረችን። «ትቼዋለሁ፤ ይኸው ደኅና ነኝ» አለች። እኛስ ምን አልን? «እሰይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልን። ከመካከላችን ሦስቱ ያን ጊዜ ዋርፋሪን የሚወስዱ ነበሩ። አንዳችንም «እንዴት ትተዪዋለሽ?» አላልናትም። ሰው ደስ ባለው ሰዓት ክፉ መናገር ነውር መስሎን ነው።

በ11ኛው ቀን ጠዋት አፏ ተጣመመ፤ ቀኝ እጇ ከዳት፤ ቃል እምቢ አላት። ልጇ ቀዝቃዛ ነፋስ መትቷት ነው ብሎ ፊቷን ቅባት አሸላት። ሆስፒታል የደረሰችው በማግስቱ ነው። ዛሬ ትራመዳለች፤ በግራ እጇ ትበላለች፤ የምትለውን እናውቃለን፤ ቃሉ ግን እየተቆራረጠ ነው የሚወጣው። ይህን ጽሑፍ ስንጽፍ እዚህ አንቀጽ ላይ ደርሰን እናውጣው ወይ ብለን ጠየቅናት። በግራ እጇ ወረቀቱን መታ መታ አደረገችና «ይነበብ» አለች።

ከዚያ ወዲህ የቀየርናቸው ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ሁለት ሁለት ሆነን ተጣምረናል። ማታ 2 ሰዓት ላይ አንዷ ለሌላዋ ትደውላለች፤ «ዋጥሽ?» ትላለች፤ ያው ነው። ሁለተኛ፣ እያንዳንዳችን ደብተር አለን፤ ቀኑ፣ የምርመራው ውጤት፣ የታዘዘው መጠን፣ የቀጣዩ መርፌ ቀን ይጻፋል። ማንበብ የማትችለው እናታችን ልጇ ይጽፍላታል። ሦስተኛ፣ ለምርመራ በአንድ ቀን አብረን እንሄዳለን፤ ስንመለስ የጉልቷን እህታችንን ቦታ በተራ የምንጠብቅላት ሰው አለን። አራተኛ፣ መድኃኒቷን ላቁም የምትል ካለች አንቆጣትም፤ «ነገ አብረን ሄደን ለሐኪም እንንገር» እንላታለን።

ከውጭ የሚመጣ መድኃኒትም አለ። አሜሪካ ያለች እህቷ ምርመራ የማይፈልግ አዲስ የደም ማቅጠኛ የላከችላት አለች። ደስ ብሏት ልትቀይር ነበር። ሐኪሟን ጠየቀች። በ24 አገሮች ከ4,500 በላይ የሩማቲክ ልብ ሕመምና የምት መዛባት ያለባቸው ሰዎች የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሞ፣ ለእንደ እኛ ዓይነቱ ሕመም ዋርፋሪን የተሻለ ሆኖ መገኘቱን ነገራት። የብረት ቫልቭ ላላትም አዲሶቹ አይሰጡም። ለሌሎች የምት መዛባቶች ግን አዲሶቹ ጥሩ ናቸው፤ ስለዚህ የአንዷ መድኃኒት ለሌላዋ አይሆንም። ውጭ አገር ያላችሁ እህቶቻችን፣ ከመላካችሁ በፊት ጠይቁን።

ልጅ መውለድን በሚመለከት ለወጣቶቻችን አንድ ቃል አለን። በእርግዝና ጊዜ በሰውነት ውስጥ የሚዞረው ደም ወደ ግማሽ በሚጠጋ ይጨምራል፤ የጠበበ በር ያላት ሴት ልብ ይህን ለመሸከም ይቸገራል። ዋርፋሪን ደግሞ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ሆኖም በራስ ፈቃድ ማቋረጥ እናቲቱን ሊገድላት ይችላል። ሐኪሞች በመርፌ በሚሰጠው ሄፓሪን የሚተኩበት መንገድ አላቸው። ስለዚህ ከማርገዛችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ የወሊድ መከላከያ ስትመርጡም ሁሉም ዓይነት ለልብ ሕመምተኛ ስለማይስማማ ጠይቁ። ከመካከላችን አንዷ እንዲህ ተነጋግራና ተከታትላ ወልዳለች። ልጇ እዚያ ከኋላ የሚጮኸው ነው።

ረጂዎቻችን ሆይ፣ ባለፈው ዓመት «ምን መሣሪያ እንግዛላችሁ?» ብላችሁ ነበር። እኛም በችኮላ ከጣት ደም ወስዶ አይ.ኤን.አር የሚለካውን ትንሽ መሣሪያ አልን። ዛሬ መልሳችንን ልናስተካክል እንወዳለን። መሣሪያው በእያንዳንዱ ምርመራ አንድ ስትሪፕ ይፈልጋል፤ ስትሪፑ ከውጭ ይመጣል፤ ጊዜውም ያልፍበታል። ስትሪፕ የሌለው መሣሪያ ካርድ እንዳለቀበት ስልክ ነው። አሁን የምንለምናችሁ ቀለል ያለ ነገር ነው፦ የወር ምርመራና የታክሲ ወጪ፣ እንዲሁም መድኃኒት ከገበያ ሲጠፋ የምንይዘው የአንድ ወር መጠባበቂያ። ወጪውን በየሦስት ወሩ በዚህ መጽሔት እናወጣለን።

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በዚችው በአዲስ አበባ የአፍሪካ ሐኪሞችና የአፍሪካ ኅብረት የሩማቲክ ልብ ሕመምን ከአህጉሩ ለማጥፋት የአቋም መግለጫ አውጥተዋል፤ በ2018ም የዓለም የጤና ጉባኤ ውሳኔ አሳልፎበታል። በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት የተቋቋመው፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የልብ ማዕከልም የብዙ ሕፃናትን ልብ አክሟል። ነገር ግን ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ልጆች ሰልፍ የሚያጥረው ጉሮሮው የታመመ ልጅ በጊዜ ሲታከም ነው። ያ ደግሞ የሚጀመረው በእያንዳንዳችን ቤት ነው።

ስለዚህ እናቶች፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጃችሁ ጉሮሮውን አምሞት ትኩሳት ካለው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ እንጥሉን አታስቆርጡ። መገጣጠሚያው እየተቀያየረ ካበጠ አትዘግዩ። ማንም ሰው ድንገት አፉ ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከዛለ፣ ንግግሩ ከተንተባተበ፣ ቅባት አትፈልጉ፤ መኪና ፈልጉ። ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ሰው ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ የወር አበባዋ ከልክ ካለፈ፣ ወይም ወድቃ ጭንቅላቷን ከመታች እንዲሁ አድርጉ።

ከመቀመጣችን በፊት አንድ ነገር አብረን እናድርግ። የቀኝ እጃችሁን ሁለት ጣቶች በግራ እጃችሁ አንጓ ላይ፣ ከአውራ ጣት በታች አሳርፉ። አትጫኑ። ሰዓት እኛ እንይዛለን፤ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ100 በላይ ወይም ከ50 በታች የሆነባችሁ፣ ወይም አመታቱ ወጥ ያልሆነባችሁ፣ ስብሰባው ሲያበቃ እኛ ጋ ኑ። አንፈራም፤ ኢሲጂ የምትነሡበት ቦታ አብረናችሁ እንሄዳለን። ባለፈው ዓመት እንዲህ ስንቆጥር ከመካከላችን አንዷን ያገኘናት በዚሁ አዳራሽ ነው፤ ሰባተኛችን ሆናለች።

 

እንግዲህ ጣታችሁን አሳርፉ፤ እንጀምር።